የምድራችን ገቢና የእኛ ወጪ

ባልና ሚስት በወር መጨረሻ ተቀምጠው ሲተሳሰቡ የመጀመሪያው ጥያቄያቸው «ምን ገባ? ምን ወጣ?» የሚል ነው። ገቢው ወጪውን ከሸፈነ ቤቱ በሰላም ያድራል። ወጪው ከበለጠ ግን ከሱቅ ዱቤ ይወሰዳል፣ ከዘመድ ብድር ይጠየቃል፣ ሲብስም ከቤት ዕቃ አንዱ ወጥቶ ይሸጣል። በዚህ ሁኔታ አንድ ሁለት ወር መግፋት ይቻል ይሆናል፤ ዓመት ከዓመት ግን አይዘለቅም።

በዛሬው ትምህርታችን ይህንኑ የቤት ጥያቄ ሁላችንም ወደምንኖርባት ሰፊ ቤት፣ ወደ ምድር እንወስደዋለን። ትምህርቱን አንብባችሁ ስትጨርሱ የሚከተሉትን ሦስት ነጥቦች ለመረዳትና ለሌሎችም ለማስረዳት ትችላላችሁ፦

1. የሰው ልጅ የተፈጥሮ ሀብት አጠቃቀምና የምድር የማፍራት አቅም እንዴት እንደሚለካ፤
2. በዓለምም ሆነ በአገራችን ያለው ሚዛን ምን እንደሚመስል፤
3. ይህ ሒሳብ ባልና ሚስት በቤታቸው ከሚመክሩበት ጉዳይ ጋር ምን እንደሚያገናኘው።

ወተቷን መጠጣትና ላሟን ማረድ

ደን፣ የግጦሽ ሣር፣ ዓሣ፣ ለም አፈርና የከርሰ ምድር ውኃ ራሳቸውን የሚተኩ ሀብቶች ናቸው። የተቆረጠው ዛፍ በሌላ ይተካል፤ የታጨደው ሣር በክረምት ይበቅላል፤ ዓሣው ይራባል። ነገር ግን ለመተካት ጊዜ ይፈልጋሉ። አወሳሰዳችን ከመተካታቸው ፍጥነት ካልበለጠ ለእኛም ለልጅ ልጆቻችንም ይበቃሉ። ከበለጠ ግን የምንወስደው ከትርፉ ሳይሆን ከዋናው ይሆናል።

ላም ያለው ሰው ወተቷን እየጠጣ፣ ጥጃዋን እያሳደገ ለብዙ ዓመታት ይጠቀምባታል። አርዶ ከበላት ግን ያን ሰሞን ቤቱ ይጠግባል፤ ከዚያ በኋላ ወተትም ጥጃም የለውም። ልብ ማለት የሚገባን ይህን ነው፦ ላሟ በታረደችበት ሳምንት ቤቱ የጎደለው አይመስልም። እንዲያውም ከወትሮው የተትረፈረፈ ይመስላል። የዘር እህሉን አስፈጭቶ የበላ ገበሬም ቢሆን ችግሩ የሚታወቀው በበላበት ወር ሳይሆን የመዝሪያው ወቅት ሲደርስ ነው። በተፈጥሮ ሀብት ላይ የምናደርሰው ጉዳትም እንዲሁ ነው። በዓይን ብቻ አይታወቅም። ስለዚህ መለኪያ አስፈለገ።

መለኪያው እንዴት ተገኘ?

ከጥንት ጀምሮ ሊቃውንት ይጠይቁት የነበረው «ይህ መሬት ስንት ሰው ሊቀልብ ይችላል?» እያሉ ነበር። ይህ ጥያቄ ግን አንድ ችግር አለበት። የከተማ ሰው የሚበላው በከተማው መሬት ላይ የበቀለውን አይደለም። እህሉ ከአንድ ክፍለ ሀገር፣ ቡናው ከሌላው፣ ነዳጁና መድኃኒቱ ደግሞ ከባሕር ማዶ ይመጣል።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በካናዳ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ዊልያም ሪስ እና የዶክትሬት ተማሪያቸው የነበሩት ማቲስ ዋከርናገል ጥያቄውን ገለበጡት። «ይህ ሕዝብ በሚኖረው አኗኗር ለመቀጠል የትም ይሁን የት ምን ያህል መሬትና ውኃ ያስፈልገዋል?» ብለው ጠየቁ። መልሱንም ሥነ ምህዳራዊ አሻራ ብለው ሰየሙት። እ.ኤ.አ. በ1996 በጉዳዩ ላይ መጽሐፍ አሳተሙ። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ግሎባል ፉትፕሪንት ኔትዎርክ የተባለ ድርጅት ተቋቁሞ የየአገሩን ሒሳብ በየጊዜው ያወጣ ጀመር።

በአሻራው ውስጥ የሚቆጠሩት ስድስት ዓይነት ቦታዎች ናቸው፦

1. ለምግብ፣ ለመኖና ለጥጥ የምናርሰው መሬት፤
2. ለሥጋ፣ ለወተትና ለቆዳ የሚሆኑ ከብቶች የሚግጡበት መስክ፤
3. ዓሣ የሚጠመድበት ባሕርና ሐይቅ፤
4. ለማገዶ፣ ለጣውላና ለወረቀት የሚቆረጥ ደን፤
5. ቤት፣ መንገድና ፋብሪካ ያረፈበት መሬት፤
6. ከመኪና፣ ከፋብሪካና ከኃይል ማመንጫ የሚወጣውን የነዳጅ ጭስ፣ ማለትም ካርቦን ዳይኦክሳይድን፣ መጥጦ ለማስቀረት የሚያስፈልግ ደን።

ስድስተኛው ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ዛፎች ሲያድጉ ይህን ጋዝ ከአየር ይወስዳሉ። ጭሱ ከዛፎቹና ከባሕሩ አቅም በላይ ከሆነ በአየር ውስጥ እየተጠራቀመ ምድርን ያሞቃል። ስለዚህ ጭስም እንደ እህልና እንደ እንጨት ሁሉ ቦታ ይፈልጋል ማለት ነው።

የመሬቱ ለምነት በየአገሩ ስለሚለያይ ሁሉም ወደ አንድ መስፈሪያ ይመለሳል። መስፈሪያው ዓለም አቀፍ ሄክታር ይባላል። ይህም የማፍራት አቅሙ የዓለም መካከለኛ የሆነ አንድ ሄክታር ማለት ነው። አንድ ሄክታር በእኛ ገበሬ አቆጣጠር አራት ጥማድ ያህል ነው።

አሠራሩን በአንድ ምሳሌ እንመልከት። አንድ ቤተሰብ በዓመት 6 ኩንታል ጤፍ ይጨርሳል እንበል። አንድ ሄክታር 18 ኩንታል ጤፍ የሚሰጥ ከሆነ ይህ ቤተሰብ ለእንጀራው ብቻ የሄክታር ሲሶ፣ ማለትም ከአንድ ጥማድ በላይ መሬት ይዟል። ባልና ሚስቱ በከተማ በሁለት ክፍል ቤት የሚኖሩ፣ አንዲት ጋት መሬት የሌላቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ሆኖም አንድ ገበሬ ያንን መሬት በየዓመቱ ለእነርሱ ያርሳል። በዚህ ላይ የስንዴው፣ የዘይቱ፣ የቡናው፣ የከሰሉና የታክሲው ነዳጅ ድርሻ ይደመራል። የሁሉም ድምር የዚያ ቤተሰብ አሻራ ነው።

በሌላው የሚዛን ወገን ደግሞ የምድር የማፍራት አቅም ይቀመጣል። ይህ እርሻው፣ መስኩ፣ ደኑና ውኃው በአንድ ዓመት መልሶ የሚያፈራው ነው። በቤት ሒሳብ አነጋገር አቅሙ ገቢያችን፣ አሻራው ደግሞ ወጪያችን ነው።

የዓለም ሒሳብ ምን ይላል?

የምድር ዓመታዊ አቅም 12 ቢሊዮን ዓለም አቀፍ ሄክታር ያህል ነው። የዓለም ሕዝብ ብዛት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 8 ቢሊዮን መድረሱን የተባበሩት መንግሥታት አስታውቋል። ይህን ስናካፍለው ለአንድ ሰው 1.5 ሄክታር ያህል ይደርሰዋል። አንድ ሰው በአማካይ የሚጠቀመው ግን 2.6 ሄክታር ያህል ነው። በሌላ አነጋገር የሰው ልጅ ባሁኑ ጊዜ የሚኖረው 1.7 ምድር እንዳለው ሆኖ ነው። ያለችው ግን አንዲት ናት።

ይህን ወደ ወር ደመወዝ ስንመልሰው ደመወዙ በ18ኛው ቀን ላይ ያልቃል፤ የቀሩት 12 ቀናት የሚገፉት በዱቤ ነው ማለት ነው። ድርጅቱም የዓመቱ ድርሻ የሚያልቅበትን ዕለት በየዓመቱ እያሰላ ያስታውቃል። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ጀምሮ ሲቆጠር በ2024 ዕለቱ ነሐሴ 1፣ በ2025 ደግሞ ሐምሌ 24 ነበር። በእኛ አቆጣጠር የኋለኛው ሐምሌ 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ላይ ይውላል። ከዚያ ዕለት በኋላ እስከ ዓመቱ መጨረሻ የተበላው ሁሉ ከዋናው የተቀነሰ ነው።

ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1961 የሰው ልጅ የሚወስደው ከምድር ዓመታዊ አቅም ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነበር። ወጪው ገቢውን ማለፍ የጀመረው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። በዚህ መካከል የዓለም ሕዝብ ከ3 ቢሊዮን ወደ 8 ቢሊዮን አድጓል፤ የነዳጅ አጠቃቀምም በእጅጉ ጨምሯል። ዛሬ ከጠቅላላው አሻራ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የነዳጅ ጭስ ድርሻ ነው።

ማን ምን ያህል ይወስዳል?

አማካይ ቁጥር ብዙ ነገር ይሸፍናል። በአንድ ማዕድ ዙሪያ አሥር ሰዎች ተቀምጠው ሁለቱ ግማሹን እንጀራ ቢበሉ «በአማካይ ሁሉም እኩል ደርሶታል» ማለት አይቻልም። የየአገሩ አሻራ ለአንድ ሰው ሲሰላ የሚከተለውን ይመስላል፦

• በአሜሪካ፦ ከ7 ሄክታር በላይ
• በዓለም አማካይ፦ 2.6 ሄክታር ገደማ
• በኢትዮጵያ፦ 1 ሄክታር ገደማ

የዓለም ሕዝብ በሙሉ እንደ አሜሪካ ሰው ቢኖር አምስት ምድር ያህል ባስፈለገ ነበር። ሁሉም እንደ ኢትዮጵያ ሰው ቢኖር ደግሞ የአንዲቷ ምድር ሁለት ሦስተኛ ገደማ በበቃ ነበር። ስለዚህ «ምድርን የጎዳት የድሃ አገር ልጅ ብዛት ነው» የሚለው አባባል በዚህ ሒሳብ አይደገፍም። አየሩን ካሞቀው ጭስ የበለጠውን ያወጡት ባለጸጎቹ አገሮች ናቸው። ይህንን በግልጽ ማስቀመጥ ተገቢ ነው።

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥተን «እንግዲያው እኛን አይመለከተንም» ብንል ሌላ ስሕተት ላይ እንወድቃለን። ምክንያቱን ቀጥለን እንመልከት።

የአገራችን ሚዛን

የኢትዮጵያ አሻራ ትንሽ የሆነው በቁጠባችን ብቻ አይደለም። ዋናው ምክንያት ድህነት ነው። አሻራው ትንሽ ነው ማለት ብዙ ቤት መብራት አልገባለትም፣ ብዙ ልጅ ወተት አያገኝም፣ ብዙ እናት ሐኪም ቤት የሚያደርሳት መኪና የላትም ማለትም ጭምር ነው። ስለዚህ የእኛ ተስፋ አሻራችን እንዳለ እንዲቆይ ሳይሆን ልጆቻችን ከእኛ የተሻለ እንዲበሉ፣ እንዲለብሱና እንዲማሩ ነው። ያ ደግሞ ተጨማሪ ሀብት ይጠይቃል።

ሀብቱ የሚመጣበት መሬት ግን አልሰፋም። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ የአገሪቱ ሕዝብ 53.5 ሚሊዮን ነበር። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ወደ 74 ሚሊዮን ተጠጋ። በአሁኑ ጊዜ እንደ ተባበሩት መንግሥታት ግምት ከ130 ሚሊዮን በላይ ሆኗል። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ሕዝቡ ከእጥፍ በላይ ጨመረ ማለት ነው። በመሆኑም ምንም እንኳ የእርሻው ምርታማነት ቢሻሻልም፣ የአገሪቱ የማፍራት አቅም ለአንድ ሰው ሲካፈል ከ1 ሄክታር በታች ሆኗል። ይህም አነስተኛ ከሆነው አሻራችን እንኳ ያንሳል።

ነገሩ በገጠር በግልጽ ይታያል። አባት 8 ጥማድ መሬት ኖሮት ለሁለት ልጆች ቢያካፍል ለእያንዳንዳቸው 4 ጥማድ ይደርሳቸዋል። ለስድስት ቢያካፍል ለእያንዳንዱ አንድ ጥማድ ከሲሶ ነው። በዚያ መሬት ቤተሰብ መመሥረት የማይችለው ልጅ ወይ ተዳፋቱን መንጥሮ ያርሳል፣ ወይ ወደ ከተማ ይመጣል። የተመነጠረው ተዳፋት አፈሩን በክረምት ጎርፍ ያጣል። ወደ ከተማ የመጣው ደግሞ ቤት፣ ውኃ፣ ሥራና ትምህርት ቤት ይፈልጋል። ስለዚህ የገጠሩ መጥበብ የከተማው መጥበብ ይሆናል።

ከተማና አሻራው፦ ሁለት ምሳሌዎች

አንደኛው ምሳሌ ዋና ከተማችን ናት። በጥንት ዘመን የነገሥታቱ ከተማ በአንድ ቦታ አይረጋም ነበር። ለዚህም ከነበሩት ምክንያቶች አንዱ ማገዶ ነው። ሠራዊቱና ሕዝቡ በአካባቢው ያለውን ደን ሲጨርሱ ሰፈሩ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል። አዲስ አበባም በተቆረቆረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ ያለው ደን ተራቆተ፤ ማገዶም ከሩቅ ይመጣ ጀመር። በዚህ ምክንያት ዳግማዊ ምኒልክ ከተማውን በስተምዕራብ ወደሚገኘው አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው በዚያ ግንባታ አስጀምረው ነበር። ሆኖም በ1880ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ በፍጥነት የሚያድግና ተቆርጦም ከጉቶው የሚያቆጠቁጥ ሆኖ ተገኘ። በእንጦጦና በከተማው ዙሪያ በስፋት ስለተተከለ አዲስ አበባ ባለችበት ለመቆየት ቻለች። በአዲስ ዓለም የተጀመረውም ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። የመጀመሪያው፣ ችግሩ በጊዜ ከታወቀ መፍትሔ ይገኝለታል፤ ዛፍ መትከል የምድርን ገቢ ማሳደግ ነው። ሁለተኛው፣ መፍትሔውም ዋጋ አለው። ባሕር ዛፍ መሬትና ብዙ ውኃ ይወስዳል። ከእንጦጦ ተራራ ከባድ የእንጨት ሸክም አዝለው ለብዙ ዓመታት የወረዱት እናቶችና ልጃገረዶች የከተማዋን ማገዶ ዋጋ በጀርባቸው ከፍለዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ልብ እንበል፤ ያኔ አንድ ከተማ ማገዶው ሲያልቅ የሚዛወርበት አዲስ ዓለም ነበረው። የሰው ልጅ በጠቅላላ ምድርን ከጨረሳት ግን የሚዛወርበት ሌላ ዓለም የለውም።

ሁለተኛው ምሳሌ የሐረማያ ሐይቅ ነው። ይህ ሐይቅ ለብዙ ዓመታት የሐረርን ከተማና የአካባቢውን ሕዝብ የመጠጥ ውኃ ይሰጥ ነበር። በአንድ በኩል ገበሬው ለጫትና ለአትክልት መስኖ ውኃውን በሞተር ይስብ ነበር። በሌላ በኩል ከተሞቹ እያደጉ ሄዱ። በዙሪያው ያሉት ኮረብታዎች ስለተራቆቱም ጎርፉ አፈር እያመጣ የሐይቁን ሆድ ሞላው። እያንዳንዱ የወሰደው ለራሱ ጥቂት ነበር፤ የሁሉ ድምር ግን ከሚገባው ውኃ በለጠ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት ሐይቁ ደረቀ፤ ከብቶችም በሐይቁ መሬት ላይ ይግጡ ጀመር። ለሐረር ከተማ ውኃ ከድሬዳዋ አቅራቢያ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች በብዙ ወጪ በቧንቧ ተስቦ መጣ። ደስ የሚለው ነገር ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውኃው ወደ ሐይቁ መመለስ መጀመሩ ነው። ተፈጥሮ ዕድል ከሰጧት ታገግማለች።

መለኪያው የማይነግረን

ማንኛውም ሚዛን የራሱ ጉድለት አለው። ይህ መለኪያ የመጠጥ ውኃ እጥረትን፣ የአፈር መሸርሸርን፣ የወንዝ መበከልንና የማዕድን መመናመንን በሚገባ አያሳይም። እ.ኤ.አ. በ2013 አንዳንድ ሳይንቲስቶች የዓለም ትርፍ ወጪ ከሞላ ጎደል በጭሱ ሒሳብ የመጣ መሆኑን፣ የእርሻ መሬት ጉዳት ግን በቁጥሩ ውስጥ እንደማይታይ አመልክተዋል። ስለዚህ ቁጥሩን እንደ ሐኪም ቴርሞሜትር ማየት ይሻላል። ትኩሳት መኖሩን ይነግራል፤ በሽታውን ለይቶ ለማወቅ ግን ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል።

ከባለትዳሮች የሚነሡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ከሁሉ የሚበልጠውን የሚወስዱት ሀብታሞቹ ከሆኑ እኛ ስለ ልጅ ቁጥር የምናስበው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ስለ ዓለም ሙቀት ሲባል አይደለም። ስለ ራሳችን ቤት ነው። ሀብታሞቹ አገሮች ጭሳቸውን መቀነስ የእነርሱ ግዴታ ነው። የእኛ ልጅ ግን የሚጠጣው ውኃ፣ የሚቀመጥበት የትምህርት ቤት ወንበርና የሚቆርሰው እንጀራ የሚመጣው ከራሳችን ወንዝ፣ ከራሳችን በጀትና ከራሳችን እርሻ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ የሚደርሰው ድርሻ ከፍ እንዲል ምርቱም ማደግ አለበት፤ ተካፋዩም ከምርቱ ቀድሞ መሮጥ የለበትም።

ጥያቄ፦ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይባል የለም እንዴ?

መልስ፦ ይህ አባባል የወጣው መሬት በሰፋበት፣ ልጅም በሕፃንነቱ በብዛት በሚሞትበት ዘመን ነው። ያኔ ልጅ በሰባት ዓመቱ ጥጃ ጠብቆ ቤቱን ያግዝ ነበር። ዛሬ የከተማ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይማራል። ዕድሉን የሚያገኘው ወላጆቹ ደብተሩን፣ ጫማውንና ምሳውን ሲችሉለት ነው። አባባሉን ላለመናቅ እንዲህ ልንለው እንችላለን፦ ልጅ በዕድሉ ያድጋል፤ ዕድሉን የሚያመቻቹት ግን ወላጆቹ ናቸው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ስንት ልጅ ይበቃል ትላላችሁ?

መልስ፦ ይህን የሚወስኑት ባልና ሚስት ብቻ ናቸው። መንግሥትም፣ ሐኪምም፣ ይህ ጽሑፍም ቁጥር አይተምኑም። እ.ኤ.አ. በ1994 በካይሮ በተደረገው ዓለም አቀፍ የሥነ ሕዝብ ጉባዔ፣ ባለትዳሮችና ግለሰቦች የልጆቻቸውን ቁጥርና አራርቆ የመውለድን ጉዳይ በነጻነትና በኃላፊነት የመወሰን፣ ለዚህም መረጃና አገልግሎት የማግኘት መብት እንዳላቸው ተረጋግጧል። የእኛ ድርሻ ውሳኔያችሁ በዕውቀት ላይ እንዲመሠረት መርዳት ነው።

ጥያቄ፦ የቤተሰብ ምጣኔ በእርግጥ ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ አምጥቷል። በአገራችን በተደረጉ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናቶች መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 ካገቡት ሴቶች መካከል የእርግዝና መከላከያ የሚጠቀሙት ከ100 ወደ 8 ብቻ ነበሩ። በ2016 ግን 36 ደርሰዋል። አንዲት እናት በዕድሜዋ የምትወልዳቸው ልጆች አማካይ ቁጥርም በነዚሁ ዓመታት ከ5.5 ወደ 4.6 ወርዷል። በ2016 በከተማ አማካዩ 2.3፣ በገጠር 5.2 ነበር። በዚያው ዓመት ከ100 ባለትዳር ሴቶች 22ቱ መውለድ ለማዘግየት ወይም ለማቆም እየፈለጉ መከላከያ አልተጠቀሙም ነበር። አንዳንዷ የባሏን ሐሳብ ሳትጠይቅ፣ አንዳንዷም የጎንዮሽ ጉዳቱን ፈርታ ትቀራለች። ባልና ሚስት አብረው ወደ ክሊኒክ ቢመጡ ከዚህ ብዙው ይቃለላል።

የአገሪቱ ሕዝብ አብዛኛው ወጣት ስለሆነ የወሊድ ቁጥር ቢቀንስም የሕዝቡ ብዛት ለብዙ ዓመታት መጨመሩን ይቀጥላል። ለእናትና ለሕፃን የሚገኘው ጥቅም ግን ዓመታት አይጠብቅም። የዓለም ጤና ድርጅት ከአንድ ወሊድ በኋላ ቀጣዩ እርግዝና ቢያንስ 24 ወር እንዲዘገይ ይመክራል። ይህም የእናትየዋን ጉልበት ይመልሳል፤ ሕፃኑም ጡት ጠግቦ ያድጋል። ለዚህ የሚረዱ ልዩ ልዩ ዘዴዎች አሉ። በየቀኑ የሚዋጥ እንክብል፣ በየ3 ወሩ የሚወጉት መርፌ፣ በክንድ ቆዳ ሥር ተቀብሮ እንደ ዓይነቱ ከ3 እስከ 5 ዓመት የሚያገለግል፣ በማኅፀን ውስጥ የሚቀመጥ ሉፕ፣ እንዲሁም ኮንዶም ይገኛሉ። ለጤናችሁ የሚስማማውን የክሊኒኩ ነርስ ወይም ሐኪም ያስረዷችኋል።

የቤት ሥራ፦ የራሳችሁን አሻራ ለኩ

ለአንድ ወር አንድ ደብተር በማዕድ ቤት አስቀምጡ። የገባውን ጤፍና ስንዴ፣ ከሰልና እንጨት፣ ዘይትና ነዳጅ መዝግቡ። በወሩ መጨረሻ በ12 አባዙትና የዓመቱን አግኙ። ከዚያም፦

• የጤፉን ኩንታል ለ18 አካፍሉት። ለእናንተ እንጀራ ስንት ሄክታር እንደሚታረስ በግምት ታገኛላችሁ።
• የከሰሉን ኪሎ በ5 አባዙት። በባህላዊው አከሳሰል አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ብዙውን ጊዜ ከ5 ኪሎ የማያንስ እንጨት ይቃጠላል። በወር 40 ኪሎ ከሰል የሚጠቀም ቤት በዓመት 24 ኩንታል እንጨት አቃጠለ ማለት ነው።
• ድምሩን ለቤተሰቡ ቁጥር አካፍላችሁ ለአንድ ሰው ስንት እንደደረሰ ተመልከቱ።

ቀጥሎም ከየት መቀነስ እንደሚቻል ተማከሩ። ላቀች የሚባለው የከሰል ምድጃ ከተራው የብረት ምድጃ የከሰሉን ሩብ ያህል ያድናል። ምርጥ ምድጃም ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የእንጀራ መጋገሪያውን ማገዶ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። መብራት ያላችሁ በኤሌክትሪክ ምጣድ ተጠቀሙ። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ይጠገን፤ የተረፈ እንጀራ ድርቆሽ ይሁን እንጂ አይጣል። ግቢ ያላችሁ የፍሬ ዛፍ ትከሉ። ይህ ሁሉ ለምድር ከሚሰጠው ጥቅም በፊት የወሩን አስቤዛ ያቀልላችኋል።

ማጠቃለያ

የሰው ልጅ ባሁኑ ጊዜ ከምድር ገቢ በላይ እየወጣ ነው። ለዚህም ትልቁን ድርሻ የሚይዙት ብዙ ነዳጅ የሚያነዱት አገሮች ናቸው። የእኛ አገር አሻራ ትንሽ ነው፤ የአገሪቱ የማፍራት አቅም ለአንድ ሰው ሲካፈል ግን ከዚያም ያንሳል። ልጆቻችን ከእኛ የተሻለ ኑሮ እንዲኖራቸው ሦስት ነገሮች አብረው መሄድ አለባቸው። እነዚህም የመሬቱን አቅም መጠበቅና ማሳደግ፣ ያለውን በቁጠባ መጠቀም፣ እንዲሁም በዕቅድ መውለድ ናቸው። የመጀመሪያው የመንግሥትና የገበሬው ብርቱ ጥረት ይጠይቃል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን ዛሬ ማታ ባልና ሚስት ተቀምጠው ሊጀምሩት የሚችሉት ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በምትኖሩበት ከተማ ውኃው፣ ማገዶውና እህሉ ከየት ይመጣል? ከአሥር ዓመት በፊትስ ከየት ይመጣ ነበር?
2. የላሟና የወተቷ ምሳሌ በአካባቢያችሁ በየትኛው ሀብት ላይ ይታያል?
3. ለእያንዳንዱ ልጃችሁ ልታደርጉለት የምትፈልጉት ምንድን ነው? አሁን ባላችሁ ገቢ ለስንት ልጆች ይዳረሳል?
4. ስለ ልጆች ቁጥርና ስለ አራርቆ መውለድ ለመጨረሻ ጊዜ የተመካከራችሁት መቼ ነው?